ለክለባችን አባላት፦ ስለ ታዳጊዎቻችን ምዝገባ

ውድ አባላት፣

በታችኛው ሊግ ለሚጫወት ክለብ የመግቢያ ትኬት ገቢ የጉዞ ወጪን እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ግን ችላ የምንለው አንድ የገቢ በር አለ።

በፊፋ ደንብ መሠረት፣ አንድ ተጫዋች ኮንትራቱ ሳያልቅ ለሌላ አገር ክለብ ሲሸጥ፣ ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? እነዚያን የመጀመሪያ አራት ዓመታት እኛ ጋ ያሳለፈ ልጅ በ1 ሚሊዮን ዩሮ ቢሸጥ፣ ድርሻችን 10 ሺህ ዩሮ ነው። ለእኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ችግሩ ወረቀት ላይ ነው። ልጁ በፌዴሬሽን ካልተመዘገበ፣ «ያሳደግነው እኛ ነን» ብንል የሚሰማን የለም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክፍያው በፊፋ ክሊሪንግ ሃውስ (ይህን ክፍያ ለክለቦች በሚያስተላልፈው ተቋም) በኩል ያልፋል፤ እዚያ ደግሞ የሚታየው የምዝገባ መረጃ ነው።

ስለዚህ የታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች፣ የእያንዳንዱን ልጅ የልደት ማስረጃ፣ የገባበትንና የለቀቀበትን ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ለጸሐፊው አስረክቡ። የድሮ ልጆቻችንን ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ ካርድ) ቤቱ ያስቀመጠ ካለም ያምጣልን። ቢደበዝዝም እንቀበላለን።

የክለቡ ሥራ አመራር ኮሚቴ