ከኮዬ ፈጬ ለአባዬ

ነሐሴ 3

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ወረቀት የጋሼ ትልቋ ልጅ ታንብብልህ እንጂ ለጋሼ እንዳትሰጠው። ጋሼ ሲያነብ ይዘላል፤ የሚዘለው ደግሞ ሁልጊዜ ዋናውን ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ቀን ሞክሬ ነበር። አንተ ግን የምልህን ሁሉ «አሜን፣ አሜን» እያልክ ትቀበለዋለህ፤ ውሃ ጠፋ ብልህም አሜን ነው። ስለዚህ ጻፍኩ።

መጀመሪያ የዓይንህ ነገር። ቀጠሮው ነሐሴ 14 መሆኑን ሰምቻለሁ። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

ጋሼ በአይሱዙ ስሚንቶ ሲያመላልስ የሚያልፍበት የቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገድ ክፍያ ጣቢያ አለ። ኮዬ ፈጬ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሰፈሩ ኮንዶሚኒየም ብቻ ነው፤ ዓይንህ እስከሚደርስበት ሁሉም አንድ ዓይነት። ሰው አድራሻውን ሲነግርህ ፕሮጀክት ይህን ያህል፣ ብሎክ ይህን ያህል ብሎ በቁጥር ነው። በደረስኩበት ቅዳሜ ማታ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ የሌላ ብሎክ ገብቼ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ፣ የሰው በር በቁልፌ ስታገል «ሌባ!» ተባልኩ። ወንጌል ይዤ የቆምኩበት የመጀመሪያው ደጅ ይኸው ነው። ሳቅ እንጂ።

ቤታችን ጠባብ ናት፤ ለሁለት ሰው ግን ትበቃለች። ውሃ በፈረቃ ነው። የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ በዚያች ሌሊት ብሎኩ በሙሉ ጀሪካን ሲጎትት ያድራል። አብራኝ የተመደበችው ልጅ ጎጃሜ ናት፤ ጌታ ሁለት ሁለት አድርጎ ሲልክ ሰው መርጦ ነው መሰለኝ፣ እኔ ስፈራ እሷ ትስቃለች። የጋሼ ሚስት የላከችልኝን ቆጮ ገና ስፈታው አሸተተችና «ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ነገር ሳይበላሽ አልቀረም» አለችኝ። ትናንት ግን ሁለተኛ ጨመረች።

ሰኞ ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። አንተ ቆላ ስትወርድ ሰው ከሩቅ አይቶህ ጥላ ሥር ይሰበሰብልህ ነበር ብለህ ትነግረን ነበር። እዚህ በሩ በብረት ነው፤ የሚያይህ በትንሿ ቀዳዳ ነው፤ ድምፅህን ሰምቶ ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል፣ ከዚያ ዝም። አንዷ እናት ብቻ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልን። «ከጤና ኤክስቴንሽን ናችሁ? ደም ግፊቴን ለኩልኝ» አሉ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልን። አለመሆናችንን ስንነግራቸው አፈሩ። እኛም አፈርን። ቡና አፍልተው እስከ በረካ አስቀመጡን እንጂ ስለ ጌታ አንድም ቃል ሳንናገር ወጣን። የአንተን ደም ግፊት ማን ይለካልሃል እያልኩ ነው ደረጃውን የወረድኩት። መድኃኒቱን ስትጾም እንደምትተወው አውቃለሁ። ዓይን የሚሠሩት ሐኪሞች ግፊቱ ከፍ ካለ ቀጠሮ ያራዝማሉ፤ እባክህ አትተወው።

ከብሎኮቹ ጀርባ ገና ያልተሠራበት መሬት አለ። ጥቁር አፈር ነው፤ በዚህ ክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። እዚያ ላም የሚጠብቁ ሽማግሌ አገኘሁና ባለኝ ጥቂት ኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ» አልኳቸው። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበርና እንዴት አደሩ ማለቴ ነው፤ ሳቁብኝ። ከዚያ በአማርኛ፣ በዱላቸው እያመለከቱ፣ ጤፍ የሚያበራዩበት አውድማ የት እንደነበረ አሳዩኝ። አሁን ባጃጅ የሚቆምበት ነው። ምን ልበላቸው? በቦርሳዬ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ነበር። አንተ ኦኔሲሞስ ነሲብን ስታነሳ ድምፅህ ይለወጥ ነበር፤ ባሪያ ሆኖ የተሸጠ ልጅ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ ኋላ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን አፉን በፈታበት ቋንቋ በ1891 ለሕዝቡ አደረሰ እያልክ። እዚያ ጭቃ ላይ ቆሜ ግን ቦርሳዬን መክፈት ከበደኝ። መጀመሪያ ቋንቋቸውን ልማር ብዬ ላሟን ሲያልቡ ማገዝ ያዝኩ። የማለቡን ነገር ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም፤ እማዬ ናት።

ከሐሙስ ጀምሮ ፍልሰታ ገብቷል። ሌሊት ሰዓታቱ በድምፅ ማጉያ እስከ መኝታችን ይመጣል። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ደረጃ ላይ ተገናኘን። «ጴንጤዋ ልጄ፣ ለእኔም ጸልዪ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ጸለይኩም።

እሁድን አልነገርኩህም። እስካሁን ስሸሽ የቆየሁት እሱን ነው።

ጸሎት ቤት የለንም፤ ሸራ ነው። አርባ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ዝናቡ መጣና ውሃው ሸራው ላይ እየተጠራቀመ ሲከብድ ሁለት ወንድሞች በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፉ ያፈሱት ነበር፤ አንዴ ኳየሩ ላይ ወረደ። ከስብከቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ «እንግዲህ ቆርቆሮ ሳናለብስ መስከረም እንዳይጠባ» አሉ። ቃል መግባት ተጀመረ። አዲሷ አገልጋይ ጽሕፈቷ ያምራል ተባለና ደብተሩ ለእኔ ተሰጠ። አንዱ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ሁለት፣ አንዱ ሚስማር፣ አንዱ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ምንም የሌለው የሦስት ቀን ጉልበት። ደስ ይል ነበር አባዬ። ልቤ ሞቆ ነበር።

ከዚያ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ አንዲት እናት ተነሳች። «ለእንቁጣጣሽ የምናደልበው በግ አለ፣ እሱን ጻፉልኝ» አለች። እልል ተባለ። ልጇ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱን አላያትም። እኔን ነው ያየኝ። ፊቴን እንኳ አይደለም፣ እስክሪብቶዬን።

ጻፍኩት።

ማክሰኞ ቤታቸው ልጠይቅ ሄድኩ። በጉ ከደረጃው ሥር ብረቱ ላይ ታስሯል፤ ልጁ ፉርሽካ በእጁ እያበላው ነው። ሰላም አልኩት፤ «መቼ ነው የምትወስዱት?» አለኝ። «የሚወስዱት ሽማግሌዎቹ ናቸው» አልኩት። እኔ! አንተ እንኳ በጌታ ነበር ያላከክኸው፤ እኔ በሽማግሌዎች።

ምን ለማለት እንደፈለግሁ አሁን ገብቶሃል። ጊደሬን ቦቃን ረስተሃት እንደሆነም አላውቅም። ጥጃ ሳለች አክስቴ ለእኔ ብላ የሰጠችኝ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ገመዷ ካስማው ላይ ነበር፣ እሷ የለችም። አንተ ከቆላ ከመጡት ወንድሞች ጋር ቤት ተቀምጠህ ብር ትቆጥራለህ። «ልጄ፣ ቦቃ ለጌታ ቤት ቆርቆሮ ሆነች፤ ደስ ይበልሽ» አልከኝ፤ ከዚያ ሁላችሁም ጸለያችሁ፣ እኔንም ራሴ ላይ እጅ ጭናችሁ ባረካችሁኝ። የእንግዳ እጅ ራሴ ላይ ሆኖ ማልቀስ አልቻልኩም። እማዬ እንሰት ትፍቅ ነበር፤ ቀና አላለችም። ማታ ግን የእኔ ድርሻ ላይ ቅቤ አበዛችበት፣ አንድ ቃል ሳትናገር። በነጋታው አንተ ወደ ጂንካ ሄድክ፤ የተመለስከው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ማታ ማታ የወላይታዎቹን ታሪክ ትነግረን ነበር። ጣሊያን በ1929 ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ፤ ሲመለሱ ግን 10,000 ያህል አማኝ ጠበቃቸው። እወደው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ። ቁጥሩን ስትናገር ጣትህን የምታነሳው ነገር ራሱ አሁን በእኔ እጅ ላይ አለ፤ ጎጃሜዋ አይታ ሳቀችብኝ። ግን ከቦቃ ወዲህ ሁልጊዜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ በዚያ መካከል የስንት ልጅ ጊደር ሄዳ ይሆን? ማንም አልቆጠረም።

አትቆጣ። ወይም ተቆጣ፣ ግድ የለም። ለማገልገል ስወጣ «የአባቷ ልጅ» ሲሉኝ ደስ ብሎኛል። ያስተማርከኝን መዝሙር ሁሉ ይዤ ነው የመጣሁት። ይህንንም ጻፊለት ያለኝ የለም።

አሁን የዓይንህ ነገር። ነሐሴ 14 አልመጣም። የክረምት የልጆች ትምህርት በእኔ ላይ ነው፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጣሪያው ይመታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሌላውም እውነት ግን ይኸውልህ፤ ፈቃድ ብጠይቅ ይሰጡኛል። አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ሰኞም አስቤበታለሁ፣ ሐሙስም። ሥራው ይዞኝ ነው ወይስ አንተም በር በሩን እያየህ እንድትውል ፈልጌ ነው፣ ለራሴም አልተለየልኝም። እማዬ በሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስትሆን አንተ ጂንካ ነበርክ። ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ሰው አልሆንም ብዬ ነበር፤ አገልግሎት በገባሁ በሳምንቴ ሆንኩ።

ጋሼ ይዞህ ይሂድ፤ ነግሬዋለሁ። ሞራውን የሚያነሱት ዓይንህን ብቻ አደንዝዘው ነው፤ ብዙ አይቆይም፣ አትፍራ። በነጋታው ፋሻው ሲፈታ እጅህን ወደ ዓይንህ እንዳትወስድ። ከዚያ ጠብታውን በሰዓቱ፤ ጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ ትልቋ ልጅ በስልኳ ደወል ትሙላልህ። ፊትህን ስትታጠብ ውሃ እንዳይገባበት። ዝቅ ብሎ መስገድና ከባድ ማንሳት ክልክል ነው። ጓሮ ገብተህ እንሰት ልትነቅል ብትነሳ ጋሼ እንዲነግረኝ አድርጌያለሁ። የዓይንህ ነገር ሲሻልህ መጀመሪያ የምታየው የትንሹ ልጅ ጥርስ ይሁን፤ ሁለት ወጥቶለታል አሉኝ፣ የላይኛው ነው የታችኛው?

በጉን የሚወስዱት ሰኞ ነው። ልግዛውና ለልጁ ልመልስለት ብዬ ጎጃሜዋን አማክሬ ነበር። «የእናትየውን ስጦታ አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትመልሺው?» አለችኝ። እሷም ልክ ናት። የወር ድጎማዬ ደግሞ ግማሽ በግ አይገዛም። እስከ ሰኞ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው።

አንድ ነገር ብቻ በዚችው ልጅ እጅ ጻፍልኝ፣ ወይም ስደውል «አሜን» ሳትል ንገረኝ። የዚያን ቀን ብሩን ስትቆጥር አይቼሃለሁ፣ ስንት እንደነበር ግን አልሰማሁም። ቦቃን ስንት ሸጥካት?

ልጅህ