የሚንሳፈፈው ፊኛ በምን ጋዝ እንደተሞላ ይጠየቅ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለልደት፣ ለሠርግና ለምረቃ አዳራሽ በፊኛ ማስጌጥ መተዳደሪያዬ ነው። ፊኛዎቹን ነፍቶ፣ ሁለት ሁለቱን ቋጥሮ፣ አራት አራቱን አጠላልፎ ቅስት እስኪሆኑ መደርደር ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ በተራ አየር የተሞላ ፊኛ እሳት አያስነሳም። የሚያሳስበኝ ወደ ጣሪያ የሚንሳፈፈው ነው። እሱ የሚሞላው ሂሊየም ወይም ሃይድሮጅን በተባለ ከአየር የሚቀልል ጋዝ ነው። ሂሊየም ፈጽሞ አይቀጣጠልም፤ ዋጋው የሚቀንሰው ሃይድሮጅን ግን ከአየር ጋር ሲቀላቀል በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በ1937 ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የጋየችው ሂንደንበርግ የተባለች የጀርመን የአየር መርከብም በዚሁ ጋዝ የተሞላች ነበረች።

ባለፈው ዓመት በአንድ ልደት ላይ ሌላ ሰው ያመጣቸው ፊኛዎች ከኬኩ በላይ ታስረው፣ ሻማው ሊለኮስ ክብሪት ሲጫር ደረስኩ። በምን እንደተሞሉ ብጠይቅ የሚያውቅ ስላጣሁ፣ የልጁን እናት ለምኜ ፊኛዎቹን ወደ ግቢ አስወጣኋቸው፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደጋሾች ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት የጋዙን ዓይነት እንዲጠይቁ፣ ሻጮችም በሲሊንደሩ ላይ በአማርኛ ጽፈው እንዲለጥፉ፣ የሚመለከተው አካልም ይህንን እንዲቆጣጠር በትሕትና እጠይቃለሁ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም የሕፃን ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ወዲያው ይለቀም።

ከአክብሮት ጋር
የዲኮር ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ