ለልጄ፦ ስለሚያሳክክሽ ራስሽ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የቤት ውስጥ መድኃኒት ንገሪኝ ብለሽ የላክሽልኝን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። ፀጉርሽ ከግንባርሽ የሚጀምርበት መስመር ቀልቷል፤ ከጆሮሽ ጀርባ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ወዝ የያዘ ቅርፊት አለ። በቅንድብሽ መሀልና በአፍንጫሽ ግራና ቀኝም ይላጣል ብለሽኛል። ደረቅ ቆዳ ቢሆን ኖሮ የሚረግፈው ደቃቅ፣ ነጭና እንደ ዱቄት የሚበን ይሆን ነበር፤ ክንድሽና ቅልጥምሽም አብረው ይደርቁ ነበር። ያንቺ የከረረ ፎረፎር ይመስለኛል፤ ሐኪሞች ሰቦሪክ ደርማታይተስ የሚሉት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አያስፈራም፤ ግን ሄድኩ ብሎ የሚመለስ ነገር ነው። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና ብርድ ይቀሰቅሱታል። ፈተናውና የኅዳር ብርድ አንድ ላይ ሲመጡብሽ መነሣቱ አይገርምም።

በመጀመሪያ የጀመርሽውን ሁሉ አቁሚ። ቅቤውን፣ ውሃ ያልነካውን አቼቶ፣ አከራይሽ የሰጡሽን ፌጦ፣ ሁሉንም። ፋርማሲ መስኮት ላይ ቆሞ «ራሴን አሳከከኝ» ከሚለው ሰው አንዳንዱ ከማሳከኩ ይልቅ በቀባው ነገር ተለብልቦ ነው የሚመጣው። የተቆጣ ቆዳ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ሲደራረብ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ መለየትም አይቻልም።

በቅቤው እንደምትከራከሪኝ አውቃለሁ። ቅቤ ለፀጉሩ ዘለላ ጥሩ ነው፤ ፎረፎር ላለበት ቆዳ ግን ቀለብ መስፈር ነው። በሁላችንም ራስ ላይ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል፤ ቋቁቻ የሚያመጣውም ይኸው ዘር ነው። ፈንገሱ የሚያስፈልገውን ስብ ራሱ መሥራት ስለማይችል ከቆዳችን ወዝ ይበላል፤ ወዙን ሲሰባብር የሚተርፈው አሲድ ነው ቆዳውን የሚያስቆጣው። ቅቤም የወይራ ዘይትም እሱ የሚወደው ስብ አላቸው። ቅቤ ስትቀቢ ቅርፊቱ ስለሚርስ ለአንድ ቀን የዳንሽ ይመስልሻል፤ ከዚያ ብሶበት ይመለሳል። ፀጉሬ ይሰባበራል ካልሽ ከጆሮሽ በታች ያለውን ርዝመትና ጫፉን ብቻ ቀቢ፣ ሥሩን አታስነኪው።

ሹሩባውንም ፍቺው። ብር እንደወጣበት አውቃለሁ፤ ግን ከጥብቅ ሹሩባ ሥር ሻምፑ በደንብ አይገባም፣ ቢገባም በደንብ አይለቀለቅም። በግንባርና በጆሮ ዙሪያ የተወጠረ ፀጉር ደግሞ ሲደጋገምበት ከሥሩ ይሳሳና ቦታው ራሰ በራ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዊጉ ላይ ከፋብሪካ የተቀባው ነገር የሚያሳክካቸው ሰዎችም አሉ። ሌላ ጊዜ ከመሠራትሽ በፊት ዊጉን በአንድ እጅ አቼቶና በአራት እጅ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፤ ከዚያ አለቅልቀሽ አድርቂው።

አሁን ወደ እጥበቱ። ነገሩ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ስለሆነ ላርዝምብሽ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጆግ እየቀዱ ሲታጠቡ የሚጎድለው ማለቅለቁ ነው፤ ሥሩ ላይ የቀረ ሻምፑ ደግሞ በራሱ ያሳክካል። ስለዚህ ሮቶው ባዶ በሆነ ቀን አትጀምሪ። ቢያንስ አሥር ሊትር፣ ማለትም የጀሪካኑ ግማሽ፣ ይኑርሽ፤ ከዚያ ላይ ሰባቱን ለማለቅለቅ አስቀምጪ። ሙቀቱ ለብ ያለ ይሁን። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ በሁለት ሊትር ተኩል የቧንቧ ውሃ ሲበረዝ ከሰውነት ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ክርንሽን አስነክተሽ ሞቀኝም በረደኝም ካላለሽ ልኩ ነው። ትኩስ ውሃ ሲፈስበት ማሳከኩ ወዲያው ፀጥ ስለሚል ደስ ይላል፤ ቆዳው ግን ወዙን ይነጠቅና ትንሽ ቆይቶ የባሰ ያሳክካል።

ሻምፑው ኬቶኮናዞል 2 በመቶ የሚለው ይሁን፤ ከነማ ፋርማሲም ሆነ ሌላ ፋርማሲ ጠይቂ። «የቤት ውስጥ መድኃኒት ስልሽ ፋርማሲ ትልኪኛለሽ» እንዳትዪኝ። የቤቱ ቁጣውን ያበርዳል፣ ፈንገሱን የሚቀንሰው ግን ይህ ነው። ፀጉርሽን በአራት ክፈይው፤ ሻምፑውን በየመክፈያው ቆዳው ላይ አድርጊ፣ ዘለላውን ስለሚያደርቀው ርዝመቱ ላይ አትቀቢው። በጥፍርሽ ሳይሆን በጣትሽ ሥጋ ቀስ ብለሽ እሺው። ከዚያ አምስት ደቂቃ አቆዪው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን አምስት ደቂቃ ነው፤ ቀብቶ ወዲያው ያጥብና «አልሠራልኝም» ይላል። በሳምንት ሁለቴ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ከዚያ እንዳይመለስ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ።

ቅርፊቱ ወፍሮ ከተጣበቀ በጥፍርም በማበጠሪያም አትፈቅፍቂው፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይቆስላል። ከመታጠብሽ ግማሽ ሰዓት በፊት አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤቢ ኦይል ቅርፊቱ ላይ ብቻ ቀቢ፤ ጀርባውን አንብቢና ፓራፊን ወይም ሚነራል ኦይል የሚለውን ምረጪ። ከነዳጅ የሚጣራ ዘይት ስለሆነ ፈንገሱ አይበላውም። ሲርስ በሻምፑ አብሮ ይወርዳል። አሳድሮ መታጠብ አያስፈልግም።

ለቁጣው ከቤት ነገር ሁሉ አጃን አስቀድማለሁ። ሱፐርማርኬት በካርቶን የሚሸጠውን ምንም ያልተጨመረበት አጃ ግዢ፤ ለአጥሚት ተቆልቶ የተዘጋጀው አይሆንም፣ ብዙ ጊዜ ገብስና ቅመም ይደባለቅበታል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በብሌንደር እንደ ዱቄት እስኪሆን ፍጪ። መድቀቁን የምታውቂው አንድ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ ስታማስዪው ነው፤ ውሃው እንደ ወተት ነጥቶ ከቆየ ደቅቋል፣ ከታች ቶሎ ከዘቀጠ ገና ነው። የደቀቀውን በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ አስቀምጪ፣ ከዚያ በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልዪው። ሻምፑውን ካለቀለቅሽ በኋላ ቆዳሽ ላይ ቀስ እያልሽ አፍስሺ፣ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ በጥቂት ውሃ አለቅልቂው። ውሃው ከሞቀ ገንፎ ይሆንብሻል። ካላጠለልሽው ፍርፋሪው ፀጉርሽ ላይ ደርቆ ፎረፎሩ የበዛ ይመስላል፤ ሰው ደንግጦ የሚተወውም ለዚህ ነው። የተረፈውን ድፊው፤ ካደረ ይሆመጥጣል።

እሬትም ያበርዳል፣ አወጣጡን ካወቅሽበት። በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር ያለው እሬት ሁሉ አንድ አይደለም፣ አገራችን ብዙ ዝርያ አላት፤ አንቺ የምትፈልጊው አሎቬራ ተብሎ በችግኝ የሚሸጠውን ነው። ከታች ያለውን ወፍራም ቅጠል ቆርጠሽ የተቆረጠውን ወደ ታች አድርገሽ ብርጭቆ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቁሚው። ቢጫ፣ በጣም መራራ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ቆዳ የሚለበልበው እሱ ነው፣ ድፊው። ቅጠሉን እጠቢ፣ እሾሃማውን ጠርዝ ግራና ቀኝ ቁረጪ፣ አረንጓዴውን ልጣጭ አንሺና መሀል ያለውን እንደ መስታወት የጠራውን ብቻ ውሰጂ። ቢጫ ነገር ከታየብሽ እንደገና በውሃ አለቅልቂው። መጀመሪያ ክንድሽ ውስጥ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ፤ ካልቀላና ካላሳከከ ራስሽ ላይ ሃያ ደቂቃ አቆይተሽ ታጠቢው። ፍሪጅ ውስጥ ከሁለት ቀን በላይ አታቆዪው።

አቼቶን ከወደድሽው ሙሉ በሙሉ አልከለክልሽም፤ ግን ቆዳው ተሰንጥቆ ወይም ቆስሎ ሳለ በጭራሽ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚለውን አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ በርዘሽ፣ ከሻምፑ በኋላ ሁለት ደቂቃ አቆይተሽ አለቅልቂው። ዓይንሽን ጠብቂ። ካቃጠለሽ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቢው፤ ማቃጠሉ «እየሠራ ነው» ማለት አይደለም።

ሌላውን በአጭሩ። ሎሚ አይሆንም፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ የአዲስ አበባ ፀሐይ ካገኘው ያቆስላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተደቁሰው ሲለጠፉ ውሃ እስኪቋጥር ያቃጥላሉ። እንዶድ ልብስ ያነጻል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ተክል ነው፣ የተቆጣ ቆዳ ግን አይችለውም። የዳቦ ሶዳና የልብስ ሳሙና ቆዳው ከሚወደው ትንሽ አሲድነት ያወጡታል። ነጭ ጋዝ ለቅማልም ቢሆን ራስ ላይ አይፈስም። ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ቢያመጡልሽ በአክብሮት ተቀበዪና አስቀምጪው።

በሌሊት ሲብስብሽ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጨምቀሽ አሥር ደቂቃ ያዢበት። ጥፍርሽን አሳጥሪ፤ ተኝተሽ የምታኪው ነው ጠዋት ደምቶ የምታገኚው። የትራስ ልብስሽንና ሻሽሽን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቢ። ርጥብ ፀጉር አስረሽ አትተኚ። ፎን ካስፈለገሽ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ይሁን።

ከጓደኛ ተቀብለሽ ስቴሮይድ የሚባል ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ያለበት ቅባት እንዳትቀቢ። በሁለት ቀን ቀዩን ያጠፋዋል፣ ሲቆም ግን ይመለሳል፤ ፊት ላይ ሲደጋገም ቆዳ ያሳሳል፣ ቆረቆር ከሆነ ደግሞ መልኩን ይሸፍነውና ሐኪሙንም ያሳስታል። አንዳንዴ ሐኪም ራሱ ለጥቂት ቀን ያዘዋል፤ ያኔ ሌላ ነገር ነው።

እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ፀጉሩ ከተነቀለ፣ መግል ወይም የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ከያዘ፣ ማጅራትሽ ላይ ንፍፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለሽ የቤቱን ሁሉ ትተሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ክርንሽና ጉልበትሽ ላይም ብርማ ወፍራም ቅርፊት ካየሽ እንደዚያው፤ ያ ሶራያሲስ የሚባል የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሻምፑው በአራት ሳምንት ካልለወጠውም አትጠብቂ፤ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉት። አብራሽ የምትኖረው ልጅም ካሳከካት ደግሞ ፀጉራችሁን በብርሃን ፈትሹ፤ ከጆሮ ጀርባ ዘለላው ላይ የተጣበቀ፣ ሲነፋም የማይበን ነጭ ነገር ቅጫም ነው እንጂ ፎረፎር አይደለም፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ለሠርግ ፀጉርሽን ቀለም ልትቀቢ እንዳሰብሽ እህትሽ ነግራኛለች። ቁጣው ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ቀለምም ሪላክሰርም አይነካሽ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከጆሮሽ ጀርባ ነጥብ የምታህል ቀብተሽ 48 ሰዓት ጠብቂ። ጥቁር ሂና የሚሉትን ግን ተዪው፤ እንዲጠቁር የሚጨመርበት ኬሚካል የዓይን ቆብ እስኪያሳብጥ የሚያስቆጣቸው አሉ። ሹሩባ ከፈለግሽ ወፈር ያለ፣ ላላ ያለ፣ ዊግ የሌለበት ይሠሩልሽ፤ ሲሠሩሽ ካመመሽ «ላላ አድርጊልኝ» በዪ፣ አትፈሪ።

እናትሽ