ቋሚ ኮሎስቶሚ ላላቸው ሕሙማን የጋራ የከረጢት ማከማቻ ለማቋቋም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የፊንጢጣ ካንሰር ሰገራን ወደሚቆጣጠረው ጡንቻ በጣም ተጠግቶ ሲገኝ፣ ሐኪሞች ዕጢውን ከነፊንጢጣው ቆርጠው ካወጡ በኋላ የትልቁን አንጀት ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል በሆድ ላይ ያወጡታል፤ ይህ መውጫ ኮሎስቶሚ ይባላል፤ ሰገራም ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልክ የሚወጣው ሆድ ላይ ወደተለጠፈ ከረጢት ነው። ይህ የተነገረው ሰው ከካንሰሩ ይልቅ ከረጢቱ ሊያስደነግጠው ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናውን እስከ መተው የሚደርሱም አሉ።

እኛ ይህን ጥሪ የምናቀርበው አዲስ አበባ ውስጥ ከኮሎስቶሚ ጋር የምንኖር ሰዎችና አስታማሚዎቻችን ነን። «ዋናው በሕይወት መትረፍህ ነው፣ ተቀበለው» የሚለው ምክር ከቅን ልብ የሚመጣ ቢሆንም፣ ከረጢት ለሌለው ሰው የሚፈይደው ነገር ጥቂት ነው። ዕቃው ከውጭ አገር የሚገባ በመሆኑ አንዳንድ ጊዜ ከገበያ ይጠፋል፤ ሲገኝም ዋጋው ከብዙዎች አቅም በላይ ነው። ያጣ ሰው ፌስታል በጨርቅ ሆዱ ላይ ያስራል፤ ፌስታሉ ግን ቆዳ ላይ ስለማይጣበቅ ሰገራው ከሥሩ እየሾለከ ቆዳውን ይልጠዋል፣ በተላጠ ቆዳ ላይ ደግሞ ደህናው ከረጢት እንኳ አልይዝ ይላል። ሽታውን የፈራ ሰው ታክሲ አይሳፈርም፤ ከዕድርና ከለቅሶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው ተስፋ ቆራጭ ማለት፣ በእኛ እምነት፣ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ ከረጢት የሚቀመጥባትና ነባር ታካሚ አዲሱን የሚያሠለጥንባት አንዲት ክፍል ለመከራየት አስበናል። ቀይና እርጥብ የሆነው የአንጀት ጫፍ ሲነካ እንደማያም ከባለቤቱ አፍ መስማት ብቻውን ብዙ ፍርሃት ያቀላል። የአንጀቱን ጫፍ ስፋት በካርቶን መለኪያ መለካት፣ የከረጢቱን ማጣበቂያ ቀዳዳ ከዚያ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አስፍቶ በትንሽ መቀስ መቁረጥ፣ ቆዳውን ለብ ባለ ውኃ አጥቦ በሚገባ ማድረቅ፣ ከለጠፉ በኋላም በመዳፍ ይዞ ማሞቅ በእጅ እየተሞከረ የሚለመድ ሥራ ነው። በጾም ወቅት ባቄላና ጥቅል ጎመን ስለሚያመጡት ጋዝም ከሐኪም በፊት የሚጠየቁት እነዚሁ ነባሮች ናቸው፤ ሳቅም ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የሚሰበሰበው ገንዘብ በቅድሚያ የሚውለው ለከረጢት መግዣ ሲሆን፣ ከክፍለ ሀገር ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለሕክምና መጥተው ወደ ቀያቸው የሚመለሱ ሕሙማን የከረጢት ስንቅ እንዲይዙ ቅድሚያ እንሰጣለን። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ከፍ ያለ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚዋጣ ትንሽ መጠን ይበልጥ ይጠቅመናል፤ ከረጢት በየቀኑ የሚያልቅ ዕቃ ነውና።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌሎች አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ዘመዳችሁ የማይጠቀምበት ያልተከፈተና የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ የከረጢት ካርቶን ካላችሁ እንድትልኩልን እንጠይቃለን። የአንጀቱ ጫፍ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት እየጠበበ ስለሚሄድና ከሰው ሰውም ስለሚለያይ፣ ቀዳዳው ተቆርጦ ከመጣው ይልቅ በመቀስ የሚስተካከለውን ብትመርጡልን፣ ማጣበቂያው ሙቀት ስለማይወድም በጉዞ ላይ ፀሐይ እንዳያገኘው ብትጠነቀቁልን ምስጋናችን የላቀ ነው።