የአቪዬሽን ክበብ፦ ከጎን ነፋስ ጋር የከረምንበት ዓመት

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። የእኛ ክበብ «ወረቀት አጣፊዎች» አይደለም፤ በመምህራን ክፍል የሚወራው ጆሮዬ ደርሷል። ልጆቹ ዘንድሮ የያዙት ጥያቄ ልምድ ያለውን አብራሪም ያስጨንቃል። ጄት አውሮፕላን ነፋስ ከጎን እየገፋው እንዴት ይነሳል? እንዴትስ ያርፋል?

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በምዝገባና በስብሰባ አለቀ። ቁም ነገሩ የተጀመረው 10ኛ ክፍሎች «ሳይን 30 ምን ይሠራልናል?» ብለው ሲያጉረመርሙ ነው። የቦሌን መንደርደሪያ ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። ቁጥሩ 07 ነው፤ በኮምፓስ ወደ 70 ዲግሪ ያመለክታል ማለት ነው። ነፋስ ከ100 ዲግሪ በ20 ኖት (ኖት የፍጥነት መለኪያ ነው) ቢመጣ፣ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ነው፤ ሳይን 30 ደግሞ ግማሽ ስለሆነ፣ ከጎን የሚገፋው 10 ኖት ይሆናል። ማጉረምረሙ ቆመ።

ቀጥሎ አይለሮን መጣ፤ ክንፉ ጫፍ አካባቢ፣ ከኋላ በኩል ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፈው ክፍል። አውሮፕላኑ ሲንደረደር በነፋሱ በኩል ያለው ክንፍ ቀድሞ ልነሳ ይላል። አብራሪው መሪውን ወደ ነፋሱ ሲያዞር፣ በዚያ በኩል ያለው አይለሮን ወደ ላይ ታጥፎ ክንፉን ይጫነዋል። አቅጣጫ መጠበቅ የራደሩ፣ ማለትም ጭራው ላይ ቆሞ ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፈው ክፍል፣ ሥራ ነው። መሪውን ማብዛትም አያዋጣም፤ ስፖይለሮቹ (ክንፉ ላይ ያሉት ሳንቃ መሰል ክፍሎች) ይነሱና አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትቱታል።

ማረፉን ለማየት ግን ቦሌ አካባቢ ካለ ፎቅ ሰገነት ላይ ወጣን (አስፈቅደን ነው!)። ነፋሱ ከደቡብ ነበር። ወደ ምሥራቅ የሚያርፉት አውሮፕላኖች፣ ጎርፍ እንደሚሻገር ሰው፣ አፍንጫቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ይመጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማናት የ9ኛ ክፍል ልጅ በድንገት «አሁን ቀኝ ክንፉ ይነሳል!» አለች። መሬት ሊነካ ሲል አፍንጫው ቀና፤ ቀኝ ክንፉም ከፍ አለና ወዲያው ተመለሰ። እንዴት አወቅሽ አልኳት። «ቲቸር፣ ራደሩ አፍንጫውን ወደ ግራ ሲመልስ ቀኙ ክንፍ ወደፊት ይሮጣል። ክንፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ አየሩ የበለጠ ያነሳዋል። አብራሪው በአይለሮን ባይዘው ሌላኛው ክንፍ መሬት ይነካል።» ይህን እኔ አላስተማርኳትም። እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ።

የጀርመኗን ከተማ የሃምቡርግን ታሪክ ያመጣችልንም እሷ ናት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2008 አንድ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን በከባድ ነፋስ ሊያርፍ ሲል የግራ ክንፉ ጫፍ መንደርደሪያውን ነካ፤ አብራሪዎቹ መልሰው አስነሱትና በሰላም አረፈ። ምርመራው ያገኘው ነገር ልጆቹን ለሳምንታት አከራከራቸው። አንዱ ዋና ጎማ መሬት እንደነካ፣ ኮምፒውተሩ አውሮፕላኑ አርፏል ብሎ የአይለሮኑን ጉልበት ቀንሶት ነበር።

ያልተሳካም አለ። የፎም ሞዴላችን በወላጆች ቀን ዋዜማ ተሰበረ። የነፋስ ሙከራውንም የሠራነው ከመምህራን ክፍል በተዋስነው ማራገቢያ ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ተወሰደብን። ኳስ ቡድኑ በየዓመቱ አዲስ ማሊያ ይለብሳል፣ ይልበስ፣ አንቀናም። እኛ የምንጠይቀው አንድ ማራገቢያ፣ ፎም፣ ጥቂት ትንንሽ ሞተሮችና የበረራ ሲሙሌተር (በረራን የሚያስመስል ፕሮግራም) የሚችል አንድ ኮምፒውተር ነው። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ፊዚክስ ላብ ታገኙናላችሁ፤ ቁልፉ ከተገኘ።