የእንባን ዘፈን በምግብ ስም አትጥሩብን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በጥበብ ገጻችሁ ስለ ድሮ የጃፓን ዘፈኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዛሬ ልጆች በየስልካቸው የአባቶቻቸውን ዘመን የጃፓን ሙዚቃ እያዳመጡ መሆኑን መጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። አንድ መስመር ላይ ስደርስ ግን ከፋኝ። «ሱኪያኪ» የተባለውን ዘፈን ስለ ምግብ የሚያወራ ደስ የሚል ዘፈን ብላችሁታል። የምጽፍላችሁ ስለዚያች መስመር ነው።

ዘፈኑ ውስጥ ስለ ምግብ አንድም ቃል የለም። የደስታ ዘፈንም አይደለም። እውነተኛ ስሙ «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ነው። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ሽቅብ እያየሁ ልሂድ» ይሆናል። ለምን ሽቅብ? እንባው እንዳይወርድ። አንድ ሰው በሌሊት ብቻውን በእግሩ ይሄዳል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ካቀረቀረ ይፈስበታል። ስለዚህ ወደ ሰማይ ያያል። በእንባው ውስጥ የደበዘዙትን ኮከቦች ይቆጥራል። ያለፈውን ጸደይ ያስታውሳል፣ በጋውን ያስታውሳል። ሌላ ታሪክ የለውም።

እኔ መጀመሪያ «ቀና ብዬ ልሂድ» ብዬ ነበር የተረጎምኩት። በአማርኛ ግን ቀና ብሎ መሄድ ኩራት አለበት። እዚህ ኩራት የለም። እኛ ወንድ ልጅ እንባውን ወደ ሆዱ ያፈሳል እንላለን። ይሄኛው ሆዱ ሞልቶበት ይመስለኛል፣ እንባውን ዓይኑ ላይ እንደያዘ ይሄዳል።

ግጥሙን የጻፈው ኤይ ሮኩሱኬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ጃፓን ከአሜሪካ ጋር የጸጥታ ውል ስታድስ ብዙ ሕዝብ ተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ኤይም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበር። ውሉ ግን ጸደቀ። ያን ጊዜ የተሰማውን ተስፋ መቁረጥ ነው በግጥም ያስቀመጠው። ስለ ውሉም ስለ ሰልፉም አንድ ቃል አልጻፈም። እኔ ትልቅነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው። ስለ ፖለቲካ ቢጽፈው ኖሮ የዚያ ዓመት ዘፈን ሆኖ ይቀር ነበር። ዝም ስላለ የሁሉም ሰው ዘፈን ሆነ። ፍቅረኛው የተለየችውም፣ ሰው የሞተበትም፣ ሥራ ያጣውም የራሱ ያደርገዋል።

ዜማውን የደረሰው ናካሙራ ሃቺዳይ ነው። የዘፈነው ክዩ ሳካሞቶ። በ1961 ሲቀዳው ገና 19 ዓመቱ ነበር። በጃፓንኛ ሮኩ ስድስት ነው፣ ሃቺ ስምንት፣ ክዩ ዘጠኝ። ሦስቱንም «ስድስት ስምንት ዘጠኝ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ሳካሞቶ ለወላጆቹ ዘጠነኛ ልጅ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ድምፁ ፈገግ ያለ ይመስላል። ጋዜጣችሁ የደስታ ዘፈን ያለው በዚህ ተሳስቶ ይሆናል፤ አልፈርድበትም። ደጋግማችሁ ስሙት። ልቅሶ የቀደመው ሰው እንግዳ ሲመጣበት እንደሚያሳየው ያለ ፈገግታ ነው። መሐል ላይ ቃሉን ትቶ ያፏጫል። ያ ፉጨት ነው ሆድ የሚያባባው።

ታዲያ «ሱኪያኪ» ከየት መጣ? ሱኪያኪ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ከአትክልት ጋር የሚበስልበት የጃፓን ምግብ ነው። በ1963 ዘፈኑን ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ የወሰዱት የሸክላ ነጋዴዎች የጃፓንኛው ስም ለምላሳቸው ከበዳቸው። ሰዉ የሚያውቀውን የምግብ ስም ለጠፉበት። እኛ ጋ አንዱን የትዝታ ዘፈን ወስዶ «ጥብስ» ብሎ እንደ መሸጥ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ የዚህን ግን ነጋዴ አወጣው። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በአሜሪካ የቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ለሦስት ሳምንትም አንደኛ ሆኖ ቆየ። በጃፓንኛ ተዘፍኖ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ነው። አሜሪካኖቹ ቃሉን ሳይሰሙ ወደዱት። ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። ስሙን ግን ለልጅ ልጆቻቸውም ሳያስተካክሉ ተዉት፣ እኛም ከነስህተቱ ተቀበልናቸው።

ሳካሞቶ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1985 ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ነበር። አውሮፕላኑ መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰማይ ላይ ሲንገላታ ቆየ። በመጨረሻ ከተራራ ጋር ተላተመ። 520 ሰው አለቀ። የተረፉት አራት ብቻ ናቸው። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ በዚያች ግማሽ ሰዓት ለቤተሰባቸው የስንብት ማስታወሻ ጽፈዋል። ሳካሞቶ 43 ዓመቱ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሰማይን የሚያይበትን ስንኝ እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

ለምን ይህን ያህል እንደ ተቆጨሁ ልንገራችሁ። አጎቴ መርከበኛ ነበር። ከአሰብ ተነስቶ ብዙ አገር አይቷል፣ ጃፓንም ደርሷል። በ1983 ዓ.ም. ባሕሩንም ሥራውንም አጥቶ አንድ ሻንጣና አንድ ቴፕ ይዞ ቤታችን መጣ። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቆሞ ያፏጭ ነበር። አያቴ በማታ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል እያለች ትቆጣው ነበር። «ጋሼ፣ ምንድነው የምታፏጨው?» ስለው «ሱኪያኪ» ይለኛል። ምንድነው ስለው «የጃፓን ምግብ ነው» ይላል። ከዚያ ወዲያ አንናገርም። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሲያፏጭ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ አንጋጦ ነበር።

ጋሼ ካረፈ ከዓመታት በኋላ ጃፓን የተማረች የሥራ ባልደረባዬ ግጥሙን ቃል በቃል ተረጎመችልኝ። የምሳ ሰዓት ነበር። ምግቤን ትቼ ወጣሁ። ትርጉሙን ያውቅ ነበር ወይስ ዜማው ብቻ ነግሮት ነው? ስሙ በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያኔ እጠይቀው ነበር።

ሌሎቹንም ዘፈኖች ብትነኩ ጥሩ ነበር። ጽሑፋችሁ ለጭፈራ የሚሆኑት ላይ ብዙ ቆየ። ኢሺካዋ ሳዩሪ በ1977 ያወጣችው የጹጋሩ ባሕር የክረምት ዘፈን አለ። አንዲት ሴት ከፍቅረኛዋ ተለይታ በሌሊት ባቡር ወደ ሰሜን ትሄዳለች። አኦሞሪ ጣቢያ ስትወርድ በረዶ ነው። ወደ ሰሜን የሚሻገረው ሰው ሁሉ አፉን ዘግቶ የባሕሩን ድምፅ ብቻ ይሰማል። እሷም ጀልባው ላይ ትወጣለች፣ የሚንቀጠቀጡትን የባሕር ወፎች አይታ ታለቅሳለች። ከባሕሩ ሥር የባቡር ዋሻ ተከፍቶ ያ የጀልባ መስመር በ1988 ቀረ። ዘፈኑ ግን አልቀረም።

በዚያው በ1977 ያማጉቺ ሞሞኤ የዘፈነችው «ኮስሞስ» ደግሞ ነገ የምታገባ ልጅና እናቷ ናቸው። እናት የድሮ ፎቶ ከፍታ ያንኑ የልጅነት ወሬ ትደጋግማለች። ልጅም ትንሽ ጊዜ ልጅሽ ሆኜ ልቆይ ትላለች። ሽማግሌ ልከን ለምናጋባ ለእኛ ይህ አስተርጓሚ አያሻውም። የኦኪናዋው «ናዳ ሶሶ» ደግሞ ሞሪያማ ርዮኮ በወጣትነቱ ለሞተ ወንድሟ የጻፈችው ግጥም ነው። ስሙ እንባ ሲንዠቀዠቅ ማለት ነው። ሳካሞቶ የያዘው እንባ እዚህ ተለቀቀ ብዬ አስባለሁ።

ኤንካ የሚሉት የሆድ ብሶት ዘፈናቸው ጆሯችን ውስጥ ቶሎ የሚገባበት ምክንያትም አለው። አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ የሚዘል ቅኝት አላቸው፣ «ዮናኑኪ» ይሉታል። የሚቀሩት አምስቱ ድምፆች የእኛ የትዝታ ቅኝት ድምፆች ናቸው። ደማቁም፣ ሐዘንተኛው ትዝታም እዚያ አቻ አለው። ክራር የሚደረድር ሰው ካገኛችሁ ይህን በአምስት ደቂቃ ያሳያችኋል። እሱን ጠርታችሁ ብታነጋግሩት እንዴት ያለ ጽሑፍ ይወጣው ነበር!

ልመናዬ ሁለት ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ ትንሽ ማረሚያ አውጡና ዘፈኑን በስሙ ጥሩት። ከዚያ ደግሞ ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ የእነዚህን ዘፈኖች መልእክት በአማርኛ አስነብቡን። ባልደረባዬ ለማገዝ ፈቃደኛ ናት፣ ጠይቄያታለሁ። ማረሚያው ሲወጣ ጋዜጣውን ቆርጬ የጋሼ ቴፕ ከተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ አኖረዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ