የሳይኮሎጂ ተማሪም መለማመጃ ክፍል ያስፈልገዋል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። ሳይኮሎጂ የተማርኩትም እዚሁ አካባቢ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ የሚላኩትን የኮሌጅ ተማሪዎች ባየሁ ቁጥር ዝም ማለት እየከበደኝ ስለመጣ ነው የጻፍኩላችሁ።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ስለ ሳይኮሎጂ ሊቃውንቱ ስለ ፍሮይድ፣ ስለ ፒያዤ፣ ስለ ስኪነር ጠይቋቸው፣ አንድም ሳይቀር ይነግሯችኋል። አንድ ተማሪ ፊታቸው ቁጭ ብሎ ማልቀስ ሲጀምር ግን የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። አይፈረድባቸውም። ካውንስሊንግ፣ ማለትም የምክር አገልግሎት፣ የተማሩት በታጨቀ ክፍል ውስጥ፣ ከሃንድአውት እያነበቡ ነው።

ሳይኮሎጂ ወሬ ነው፣ ላብራቶሪ ምን ያደርግለታል የሚሉ ኃላፊዎች ገጥመውኛል። ይህ ትምህርት ራሱን የቻለ ሳይንስ መባል የጀመረው እኮ በላብራቶሪ ነው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ዉንት ላይፕዚግ ላይ ላብራቶሪውን የከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ነበር። ሰው ድምፅ ሰምቶ ምላሽ እስኪሰጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት በመሣሪያ ይለኩ ነበር። ዛሬ ለዚያ ተራ ኮምፒውተር ይበቃል። ሳይኮፓይ የሚባል እንዲህ ያለ ሙከራ የሚሠራበት በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር አለ፤ አሜሪካዊው የሳይኮሎጂ ባለሙያ ስትሩፕ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ያሳተመውን ሙከራ፣ ማለትም «ቀይ» የሚል ጽሑፍ በአረንጓዴ ቀለም አሳይቶ ቀለሙን ተናገር ሲባል ሰው ለምን እንደሚዘገይ የሚያሳየውን፣ ተማሪው ራሱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አዘጋጅቶ ጓደኞቹ ላይ ሊሞክረው ይችላል።

ኮምፒውተር የለም እንዳይባል፣ አለ። በማውቀው አንድ ኮሌጅ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር ተቆልፎበት ይከርማል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ ክፍሉ ለእሱ ሲባል ይጠበቃል፤ ፈተናው ሲደርስ አቧራው ይጠረግና ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ለፈተና መጠበቁን አልቃወምም። ግን በቀሪዎቹ ወራት የማን እንዲሆን ነው?

በዚህ መሀል ስታትስቲክስ በሰሌዳ ላይ ይሰጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ተማሪው ከሆነ ሰው ፍላሽ ላይ ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ) ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ከነቫይረሱ ይገለብጣል፤ ካልሆነለት ደግሞ ከቤተሰብ የተላከለትን ብር ከፍሎ በሰው ያሠራል፣ ከዚያ መምህራን ፊት ቆሞ ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው ሲባል አንገቱን ይደፋል። በጣም ያሳዝናል። ያንኑ ሥራ የሚሠሩት ጃሞቪና ጃስፕ የሚባሉት ሶፍትዌሮች እኮ በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ጃስፕ የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኔትወርክ እንደልብ ለማይገኝበት ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የድብርት ምልክቶችን የሚለካው ፒኤችኪው ናይን የተባለው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅም ክፍያ የለበትም፣ አማርኛውም እዚሁ አገር ተፈትሿል። ተማሪ በእጁ ይዞት፣ አሞላሉንና አተረጓጎሙን ተለማምዶ መውጣት አለበት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የካውንስሊንግ መለማመጃው ክፍል ነው። ሁለት ወንበር፣ የሚዘጋ በር፣ ድምፅ የማያስወጣ ግድግዳ። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ችግሩን ወዲያው ይረዳዋል፦ መስኮቱን ከዘጋኸው ትታፈናለህ፣ ከከፈትከው ደግሞ የሰው ምስጢር ኮሪደር ላይ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ቬንትሌተር የግድ ነው። ሌላ አገር መምህሩ በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆኖ ይከታተላል። እኛ ጋ ትንሽ ካሜራና ጎረቤት ክፍል የተቀመጠ አንድ ላፕቶፕ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ተማሪዎቹ እየተቀያየሩ አንዱ አማካሪ፣ ሌላው ተገልጋይ ሆነው ይለማመዳሉ፤ ቀረጻውን አብረው አይተው እዚህ ጋ ቸኩለሃል፣ እዚህ ጋ አላዳመጥሽም ይባባላሉ። በእርግጥ የተቀረጸው ሰው መፍቀድ አለበት፤ ፋይሉም በየስልኩ ሳይዞር ታይቶ መጥፋት አለበት። ይሄኛው ቀልድ አያውቅም።

ከተማችን የሚያዳምጥ ባለሙያ በጣም ያስፈልጋታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ሐዘኑን ለማንም ሳይናገር የሚኖር ሰው ዛሬም አለ። ሥራ አጥቶ ጫት ላይ የሚውል ወጣትም አለ። እነዚህ ሰዎች በር ሲያንኳኩ የሚቀበላቸው አሁን በየኮሌጁ የተቀመጠው ልጅ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የተቆለፈው የኮምፒውተር ክፍል ቢያንስ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለሳይኮሎጂ ተማሪዎች ይከፈት፣ ነፃዎቹ ሶፍትዌሮች ይጫኑበት፣ አንድ ክፍል ደግሞ ለልምምድ ይለይ። የትኛውንም ካዝና አያራቁትም። ወንበር፣ መጋረጃ ወይም ቬንትሌተር ከጎደለ እኔ የድርሻዬን አዋጣለሁ፤ እዚህ ከተማ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም እንደማትጨክኑ አምናለሁ። ከአዲሱ ዓመት ምዝገባ በፊት ቢጀመር ደግሞ የሚቀጥሉት ተመራቂዎች ይደርሱበታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ